አጎቴ ብቻ ያዩት ፊልም

አጎቴ ፊልም የሚያዩት ተኝተውም ጭምር ነው። አገጫቸው ደረታቸው ላይ አርፎ፣ ማንኮራፋታቸው ከፊልሙ ሙዚቃ በላይ እየተሰማ፣ «ጋሼ፣ ተኙ እንዴ?» ተብለው ቢጠየቁ «ኧረ ዓይኔን አሳርፌ እየሰማሁ ነው» ይላሉ፤ ፊልሙ ሲያልቅ ግን ከሁላችንም ቀድመው አስተያየት የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። አስተያየታቸውም እንደ ሰበር ችሎት ውሳኔ ይግባኝ የለውም።

ሰሞኑን ስለ ጠፈር የተሠሩ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ፊልም አከታትዬ ለማየት አሰብኩ። አሮጌው፣ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ነው። አዲሱ ደግሞ የክሪስቶፈር ኖላን «ኢንተርስቴላር» ሲሆን፣ የ2014 ፊልም አዲስ መባሉ የሚያስቅ ቢሆንም ከመጀመሪያው አጠገብ ሲቀመጥ ገና ጨቅላ ነው። አጎቴ «ስለ ጠፈር ከሆነማ እኔም አለሁ» ብለው ከሶፋው የሚመቸውን ጥግ ያዙ።

የኩብሪክ ፊልም ሲጀምር ለ25 ደቂቃ ያህል ከማንም አንደበት አንዲት ቃል አትወጣም። ዝንጀሮ መሰል ፍጥረታት በረሃ ላይ ይራባሉ፣ በውኃ ይጣላሉ፣ ከዚያም አንድ ማለዳ ማን እንዳቆመው የማይታወቅ ጥቁር ጠፍጣፋ ሐውልት አጠገባቸው ተገትሮ ያገኛሉ። ከእነሱ አንዱ በአጥንት መምታትን ይማርና ድል አድርጎ አጥንቱን ወደ ሰማይ ሲወረውረው፣ ምስሉ በቅጽበት ተቀይሮ በጠፈር ላይ የምትንሳፈፍ መንኮራኩር ይሆናል። በእኔ እምነት ሚሊዮን ዓመታትን በአንድ ቁርጥ የዘለለ እንዲህ ያለ ድፍረት በሌላ ፊልም አላየሁም። ይህንኑ ለአጎቴ ልነግራቸው ዞር ስል ግን እሳቸው ዓይናቸውን ማሳረፍ ጀምረው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ብቻ ነቅተዋል። አንደኛው፣ ባለ ቀይ ዓይኑ ኮምፒውተር ሃል የመንኮራኩሩን ሰዎች ከፈጀ በኋላ አእምሮው ቀስ በቀስ እየተነቀለ በሚዘፍንበት ሰዓት ነው፤ «ምን ያስዘፍነዋል?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ተመልሰው ተኙ። ሁለተኛው የመጨረሻው ትዕይንት ነው። እዚያ ላይ አንድ ሽማግሌ አልጋው ላይ ሆኖ ወደ ጥቁሩ ሐውልት እጁን ይዘረጋል፣ ወዲያው ደግሞ በሽማግሌው ምትክ ምድርን ቁልቁል የሚመለከት ሕፃን ይታያል። የዚህ ትርጉሙ ምን እንደሆነ ፊልሙ አይናገርም። እኔም ፊልሙን የሚያውቅ ጓደኛዬ ዘንድ ደውዬ ለመጠየቅ ወደ በረንዳ ወጣሁ፤ እሱ ዳግም ልደት ነው ሲል እኔ የዝግመተ ለውጥ ቀጣይ እርከን ነው ስል፣ ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደ።

ለካ ሁለቱ ፊልሞች ተራ ይዘው ስለነበር፣ ቴሌቪዥኑ የመጀመሪያው እንዳለቀ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ዘልሎ ሁለተኛውን በራሱ ጀምሮታል። ስመለስ አጎቴ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። የ«ኢንተርስቴላር» ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ልጆቹን ምድር ላይ ትቶ ወደ ጠፈር የሄደው በቆሎ አምራች አባት፣ አንዷ ሰዓት በምድር ሰባት ዓመት በምትሆንበት ፕላኔት ላይ ጥቂት ቆይቶ ሲመለስ 23 ዓመት እንዳለፈው ያወቀበትና ልጆቹ የላኩለትን መልእክት እያየ የሚንሰቀሰቅበት ትዕይንት ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሌላ ፊልም ነው» ብላቸው «ዝም በል፣ ልጆቹ እያናገሩት ነው» ብለው ተቆጡኝ።

ማምሻውን ወዳጆቻቸው ሲመጡ ፊልሙን ተረኩላቸው። ታሪኩ ይህ ነው፦ በመጀመሪያ አንድ ዝንጀሮ ነበር። ዝንጀሮው አጥንት ወርውሮ ጠፈር ደረሰ፣ እዚያም አርጅቶ በአልጋ ላይ ሞተ፣ ነገር ግን ሕፃን ሆኖ ተመለሰ። ሕፃኑ አድጎ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ ሆነ፤ ሆኖም የቀድሞ ሕይወቱ አላስቀምጥ ስላለው ልጆቹን ትቶ እንደገና ወደ ጠፈር ሄደ። ሰዎቹን የፈጀው ባለ ቀይ ዓይኑ ማሽን ንስሐ ገብቶ ቀልደኛና ታዛዥ ሆነ፤ ያ ዝንጀሮዎቹ የፈሩት ሐውልትም እግር አውጥቶ መራመድ ጀመረ።

እዚህ ላይ መሳቅ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን «ኢንተርስቴላር»ን ያየ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ ታርስ የተባለው ሮቦት የቀልድ መጠኑ በመቶኛ የሚስተካከልና ቅርጹም በእርግጥ የሚራመድ ጠፍጣፋ ሐውልት ነው። ኖላን ደግሞ የኩብሪክ ፊልም አድናቂነቱን ደብቆ አያውቅም፤ በ2018 ፊልሙ 50 ዓመት ሲሞላው አዲሱን የ70 ሚሊሜትር ቅጂ በካን ፌስቲቫል ላይ ያስተዋወቀው እሱ ነው። የፊልም ሐያሲዎች በብዙ ገጽ የሚጽፉትን ዝምድና አጎቴ አንቀላፍተው ደረሱበት።

ቢሆንም ሁለት ፊልሞች መሆናቸውን ለማስረዳት ሞከርኩ። አጎቴ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰምተው «አንተ እኮ ውጭ ነበርክ፤ እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ወዳጆቻቸውም በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። በቆሎው የምር መሆኑን ሲጠይቁኝ፣ ዳይሬክተሩ ለፊልሙ ብሎ ካናዳ ውስጥ 500 ኤከር፣ ማለትም 200 ሄክታር ገደማ በቆሎ እንዳስዘራና ምርቱን እንደሸጠ ብነግራቸው «ዳይሬክተር ማለት እንዲህ ነው!» ብለው አጨበጨቡ፤ የሰማው ሁሉ ደግሞ ያንኑ ዳይሬክተር የዝንጀሮዎቹም ባለቤት አድርጎ ወሰደው።

እውነቱን ለመናገር የእኔ ፍርድ ከአጎቴ ታሪክ ብዙም አይርቅም። ኩብሪክ ምንም አያስረዳም፤ ኖላን ሁሉንም ያስረዳል። በ«ኢንተርስቴላር» ውስጥ አንድ ሳይንቲስት፣ ሩቅ ቦታዎችን በአቋራጭ ወደሚያገናኘው የጠፈር መሿለኪያ ሊገቡ ሲሉ፣ ወረቀት አጥፎ በእስክሪብቶ እየወጋ የመሿለኪያውን ምንነት ለመንኮራኩሩ አብራሪ ያስተምረዋል፤ ይህን ሳያውቅ ነው እንዴ ከምድር የተነሣው? ሳይንሱን ያማከረው ኪፕ ቶርን በኋላ፣ በ2017፣ በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት የተካፈለ ሰው ስለሆነ ትምህርቱ አይናቅም፤ ቢሆንም ተማሪው ዘግይቷል። የአንዱ ዝምታና የሌላው እንባ ተቀላቅለው የሚወጣው ፊልም ሳይሻል አይቀርም፤ ያንን ያየው ደግሞ አጎቴ ብቻ ናቸው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከወዳጆቻቸው አንዱ «ኢንተርስቴላር»ን ቤታቸው ሆነው ካዩ በኋላ «ዝንጀሮዎቹን ቆርጠዋቸዋል!» እያሉ መጡ። አጎቴ ወደ እኔ ዞረው «መቁረጥ ይችላሉ?» ሲሉኝ፣ ኩብሪክ ፊልሙ መታየት ከጀመረ በኋላ ረዝሟል ብሎ 19 ደቂቃ ገደማ በገዛ እጁ እንደቆረጠ የማውቀውን ተናገርኩ። «አልኩህ!» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ማስረጃ የሚሰማ ጠፋ። በቀሩት ጊዜያት የቀረበልኝ ጥያቄ ክፍል ሁለቱን እንዳገኝላቸው ብቻ ነበር።

ክርክሩ ሲታክተኝ «ፕላኔት ኦቭ ዘ ኤፕስ» ትዝ አለኝ። እንደ ኩብሪክ ፊልም በ1968 የወጣ ሲሆን፣ የሚናገሩ ዝንጀሮዎችና ጊዜ ጥሏቸው የሄደ ጠፈርተኞች አሉበት፤ የዝንጀሮዎቹን ፊት ያበጀው ጆን ቻምበርስም ልዩ የኦስካር ሽልማት አግኝቶበታል። እንዲያውም ዝንጀሮዎቹ በፈረስ ሆነው ሰዎችን እንደ አውሬ እያሳደዱ የሚያድኑት በቆሎ ማሳ ውስጥ ነው። ማሳው ብቅ ሲል አጎቴ «ይኸው የገበሬው በቆሎ!» ብለው ብድግ አሉ፤ እስከ ፍጻሜው ድረስም፣ ሳስታውሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይናቸውን አላሳረፉም።

ፊልሙ ሲያልቅ ሁሉም ውሳኔያቸውን ይጠብቅ ጀመር። አጎቴ ጥቂት አሰቡና «ክፍል ሁለት መቼም እንደ መጀመሪያው አይሆንም» አሉ። «ዝንጀሮዎቹን አፍ ሰጥተው አበላሿቸው፤ ዝም ብለው ሲቀመጡ ነበር የሚያምርባቸው።»