ሦስቱ መብራቶች አብረው ሲበሩ፦ አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የሽቦ ችግር እንዴት እንዳገኘሁ

አሮጌ የናፍጣ ላንድክሩዘር ያላችሁ ይህን ሳታዩ አልቀራችሁም። የባትሪ፣ የፍሬን እና የናፍጣ ፊልትሮ መብራቶች ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ላይ ቦግ ይላሉ። አንዱ ጋራዥ ፍሬን ይፈታላችኋል፣ ሌላው ፊልትሮ ይቀይራል፣ ሦስተኛው ባትሪ ግዛ ይላል። ብሩ ወጥቶ ያልቃል፣ መብራቶቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

የእኔዋ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ዋን ኤችዜድ የሚባለው ሞተር ያላት ናት። ኮምፒውተር ሰክቶ ኮድ ማንበብ የሚባል ነገር እሷ ጋ አይሠራም። በሊሙና በጌራ መንገድ ቡና ስትጭን የኖረች ስለሆነች ጭቃ ያልገባበት ሽቦ የላትም፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ክረምትን ጠብቆ የሚመጣ አይደለም፣ በልጉም አለ። ከሰቃ ጨቆርሳ እየተመለስኩ ነበር። ዝናብ ነው፣ የፊት መብራትና መጥረጊያ እየሠሩ ነው፣ ሦስቱ መብራቶች ደብዘዝ ብለው መጡ። ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋሉ፣ እግሬን ሳነሳ ይመለሳሉ።

ከሁሉም በፊት ፍሬን። ቆሜ የፍሬን ዘይቱን አየሁ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ፣ የእጅ ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ መውረዱን አረጋገጥኩ። ፔዳሉ ከሰመጠ ወይም ከደነደነ ግን የቀረውን ጽሑፍ ተዉትና መኪናዋን አቁሙ፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። የእኔ ደህና ነበር።

ታዲያ ለምን ሦስት? ቁልፍ ከፍታችሁ ሞተር ሳይነሳ መብራቶቹ የሚበሩት አምፖላቸው እንደሚሠራ እንድታዩ ነው። በብዙ አሮጌ የቶዮታ ናፍጣ መኪኖች ላይ ለዚህ ማሳያ የሚሆነውን ኔጋቲቭ የሚያገኙት በዲናሞው፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን ቻርጅ በሚያደርገው ዕቃ በኩል ነው። ዲናሞው ቻርጅ ማድረግ ሲጀምር ያ መስመር ወደ ፖዘቲቭ ይዞርና ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ዲናሞው ሲደክም ደግሞ መስመሩ ተመልሶ ኔጋቲቭ ይሆንና ሁሉም አብረው ይበራሉ። ፍሬኑ ምንም አልሆነም፣ ፊልትሮው ውስጥም ውሃ የለም፤ የታመመው ዲናሞው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ሦስት በሽታ ሲያክም ይውላል።

ቀን ከሆነና ዝናብ ከሌለ መብራት፣ ሬዲዮና ማሞቂያ አጥፍቶ ባትሪው በያዘው ብዙ መንገድ መሄድ ይቻላል፤ የናፍጣ ሞተር ከተነሳ በኋላ ብዙ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ማታ በዝናብ ግን አትሞክሩት።

ጅማ ከተማ ስደርስ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) አወጣሁ። ርካሽ ቴስተር ይበቃል። ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ያረፈ ደህና ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። የእኔ 12.1 ይላል፣ ያውም እየወረደ። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ አልላላም፣ ቫልቮላው (ፊውዙ) አልተቃጠለም። ከዚያ የዲናሞውን ጀርባ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብዬ ስመታ ቁጥሩ ብድግ አለና ተመልሶ ወረደ። ሲመቱት የሚነቃ ዲናሞ ብዙ ጊዜ ካርቦኑ፣ ማለትም ውስጡ የሚዞረውን ቀለበት እየነካ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ቁራጭ፣ አልቋል ማለት ነው።

አጂፕ አካባቢ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወሰድኩት። ከዚያ በፊት የጠየቅኩት ሰው ሙሉ ዲናሞ ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አስመጣ ብሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ዲናሞ ቀይር ተብያለሁ» አልኳቸው።

«ማነው ያለህ? ፈቶ አይቶት ነው?»

«አልፈታውም።»

«እንግዲያው ፈትተን እንይዋ፣ ልጄ።»

ሲፈቱት አንደኛው ካርቦን ከመያዣው ብቅ ያለው በጭንቅ ነበር። አዲሱ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቅ ይላል፤ ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር አለበት። ካርቦን ተቀየረ፣ የሚነካበት ቀለበት ተጸዳ፣ በቃ። የካርቦን ዋጋ ከሙሉ ዲናሞ ጋር ለንጽጽር እንኳ አይቀርብም። ባትሪው ጫፍ 14.1 መጣ፣ ሦስቱም መብራቶች ጠፉ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር። ዲናሞ ይሠራል ወይ የሚለውን ለማየት ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ የሚነቅሉ ሰዎች አሉ። እባካችሁ እምቢ በሏቸው። በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ይዘልና የዲናሞውን ዳዮድ ወይም ሬጉሌተር ሊያቃጥል ይችላል፤ ደህናውን ዲናሞ ራሳቸው ገድለው «ይኸው አይሠራም» ይሏችኋል። ዲናሞ ከመፍታት በፊት ግን ሞተር አጥፍቶ የባትሪውን ኔጋቲቭ መንቀል ግዴታ ነው፤ ዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ ቁልፍ ቢዘጋም ኤሌክትሪክ አለው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎ ነበር፤ የፊት መብራቱ ግን አሁንም ደካማ ነው። ባትሪው ላይ 14 ካለ አምፖሉ ላይ ለምን አይደርስም? ብዙ ሰው የሚዘለው ምርመራ ይሄ ነው። የፊት መብራት አብርቼ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የቦዲ ብረት ላይ አደረግኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው ከ1 ቮልት በላይ አለ። መንገድ ላይ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ለሞተሩም እንዲሁ ነው፦ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲዞር በባትሪ ኔጋቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ከ0.3 ቮልት በላይ ከታየ ገመዱን ወይም ማሰሪያውን ጠርጥሩ። ቴስተሩን ድምፅ በሚሰጥበት ላይ አድርጎ «ጢጥ ካለ ደህና ነው» ማለት ያታልላል። ከገመዱ ውስጥ አንድ ክር ብቻ ቢቀር እንኳ ጢጥ ይላል፤ መብራት ግን አይሸከምም። የባትሪውን ኔጋቲቭ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የእኔ ገመድ ከላይ ሲታይ ጥቁርና ጤነኛ ነው፣ ጫፉ ላይ ሲላጥ ግን ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። አዲስ ገመድ፣ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ብረት፣ ከላይ ግሪስ።

የኋላውም ያው በሽታ ነበር። ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻው አብሮ ብልጭ ይላል። የመብራቱ ኔጋቲቭ ቡሎን በጭቃ ዝጎ ስለነበር ኤሌክትሪኩ፣ ቦይ እንደተደፈነበት ጎርፍ፣ በጎረቤቱ አምፖል በኩል መውጫ ይፈልጋል። ለማረጋገጥ ረጅም ሽቦ ከባትሪ ኔጋቲቭ ስቤ የመብራቱን ብረት ነካሁት፣ ወዲያው ተስተካከለ። አምፖልም ሪሌም አልገዛሁም። ቫልቮላ ደጋግሞ ሲቃጠል ግን ኔጋቲቩን ትታችሁ የተላጠ ሽቦ ፈልጉ። ቫልቮላውን በሲጋራ ወርቃማ ወረቀት ጠቅልሎ መመለስ መኪና ያቃጥላል።

የፊልትሮው መብራት ብቻውን ሲበራ ደግሞ እውነቱን ነው፣ ውሃ አለ። ናፍጣ በጀሪካን ወይም በበርሜል በሚቀዳበት የገጠር መንገድ ይህ ብርቅ አይደለም። ከሥር ያለውን ማፍሰሻ ላላ አድርጎ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ ማፍሰስ ነው።

የታይሚንግ ቺንጊያ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች በጊዜያቸው የሚያንቀሳቅሰው ቺንጊያ) መብራት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ቺንጊያውን የሚያየው ምንም ነገር የለም። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 100,000 ሲሞላ ያበራዋል፣ ያው ነው። ቺንጊያውን ሳይነካ መብራቱን ብቻ አጥፍቶ መኪና የሚሸጥ ሰው ስላለ መጥፋቱም ምንም አይነግራችሁም። እኔ ስገዛት መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበራት፣ መብራቱ ጠፍቶ እያለ ቺንጊያውን አስቀየርኩና ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ኮፈኑ ውስጥ በቀለም ጻፍኩበት።