ንፋስ፣ አርጎንና አዳማ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቲግ ብየዳ ስለማመድ ዋልኩ። በተለመደው ብየዳ ኤሌክትሮዱ ራሱ እየቀለጠ ይሞላል። በቲግ ግን እሳቱን የሚፈጥረው የተንግስተን ዘንግ ነው፤ 3,422 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልደረሰ አይቀልጥም። አንዱ እጅ ቶርች (ዘንጉ የሚታሰርበትን እጀታ)፣ ሌላው መሙያ ሽቦ ይይዛል።

ፈተናው ንፋሱ ነው። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፣ መብራት የሚመነጭበት ንፋስ እኮ ነው! ከቶርቹ የሚወጣው አርጎን የተባለ ጋዝ በንፋሱ ተበትኖ የቀለጠውን ብረት ከአየር ካልጋረደው ብየዳው ይበሳሳል። ጋዙን ዝም ብሎ መጨመርም አያዋጣም፤ ከልክ ሲያልፍ እየተናወጠ አየር ይስባል። ስለዚህ በሦስት በኩል በላሜራ ከለልኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አይዘጋም። አርጎን ከአየር ስለሚከብድ ዝግ ቦታ ውስጥ ተጠራቅሞ ያፍናል፣ ይሄን እባካችሁ ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

ከዚያ ቀጭን ስቴንለስ ላይ ጀመርኩ። በጭምብሉ ውስጥ የቀለጠችውን ኩሬ አየኋት፤ ትንሽ፣ ክብ፣ እንደ መስታወት የጠራች። ሽቦውን ነካ ሳደርግ ሞላ ትላለች። ቶርቹን ገፋ ሳደርግ ትከተላለች። መስመሩ ሲበርድ ወርቃማ ሆነ፣ ጋዙ በደንብ ሸፍኖታል ማለት ነው። ደስታዬን አልችለውም!

ቀጥሎ አሉሚኒየም ነው፤ ለሱ ኤሲ (ተለዋዋጭ ጅረት) ያለው የብየዳ ማሽን ያስፈልጋል። እዚህ አዳማ የምትሠሩበት ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፣ መጥቼ ባይ ደስ ይለኛል።