ሥራው ወደ ኮምቦልቻ፣ ልጆቹ ወደ ጅዳ

እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማጠናው ፋብሪካዎች ለምን አገር እንደሚቀይሩ ነው። እናቴ ለደሴ ጎረቤቶቿ «የንግድ አስተማሪ ነው» ትላቸዋለች። ይበቃል፤ ቡና ላይ ስለ ኦፍሾሪንግ፣ ሥራን ወደ ውጭ አገር ስለ መላክ፣ ማን ይሰማኛል?

ዶክትሬቴን ስሠራ ወሬው ሁሉ ቻይና ነበረች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ንግድ ድርጅትን ከተቀላቀለች በኋላ የአሜሪካ የፋብሪካ ከተሞች የደረሰባቸውን ጉዳት ኦውተር፣ ዶርንና ሃንሰን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመው ነበርና ሴሚናሩ በዚያው ይሞቃል። ሥራው የሄደበት አገር ሰው ምን አገኘ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ይሁን እልኸኛ ስለሆንኩ፣ እኔ እሱን ያዝኩ።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የአክስቴ ልጅ ከፓርኩ ልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ ስትቀጠር በስልክ ያልጠየቅኳት የለም።

«ምንድነው የምትሰፊው?»

«ኪስ።»

«ከኪስ ሌላስ?»

«ጋሼ፣ ኪስ አልኩ እኮ! እጅጌው ሌላ ላይን ነው። ልብሱ አልቆ ሲወጣ እንኳ አይቼው አላውቅም። ታርጌት ካልሞላ ሱፐርቫይዘሯ ቆማ ትጮህብናለች።»

ግሮስማንና ሮሲ-ሃንስበርግ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ዝነኛ ጥናት የሚለው ይህንኑ ነው፦ ዛሬ አገሮች የሚነግዱት ያለቀለት ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የሥራውንም ቁራጭ ነው። እሷ ያለ አንድ ቀመር ነገረችኝ።

ያልተዋጠልኝ ሌላው ነገር ነው። አገሮች ለምን እንደሚነግዱ የሚያስረዳው የሄክሸርና ኦሊን ንድፈ ሐሳብ ሲነሳ ዕቃ ድንበር ይሻገራል፣ ሰው ግን ባለበት ይቆያል ተብሎ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ማንደል እ.ኤ.አ. በ1957 የዕቃ ንግድ የሰውን መሻገር ሊተካ እንደሚችል አሳየ፤ ንግዱ ክፍት ከሆነ ሰው ለደመወዝ ብሎ የሚሰደድበት ምክንያት ይቀንሳል ማለት ነው። እስቲ ይህን ባቲ ሄዳችሁ ልጇን ዓረብ አገር ለላከች እናት አንብቡላት!

የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ቢዝነስ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት የኢትዮጵያ ልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ከዚያው ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ታላቅ እህቷ ጅዳ ናት፤ የምትልከውን ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቀዋል። የአክስቴ ልጅ ፋብሪካው ውስጥ ብዙም አልቆየች፣ ለቀቀች።

እሷ ብቻ አይደለችም። ብላትማንና ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በ5 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላ ወጥተዋል፤ የፋብሪካው ገቢም ከሌላው ሥራ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። አንድ ባለሙያ ስብሰባ ላይ ተነስቶ «የሥራ ባህል ችግር ነው» ሲል ደሜ ፈላ። ልጅቷ እኮ ደመወዝ አወዳድራ ነው የወጣችው፤ እኛ ለተማሪ የምናስተምረውን አደረገች።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፣ ፓርኩም ተዘረፈ። ከእ.ኤ.አ. ጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል፣ ከአጎዋ፣ አስወጣች። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ጥሩ ተፈጥሯዊ ሙከራ ይወጣዋል፣ ጻፍበት» አለኝ፤ ማንም ለጥናት ሳያቅደው የመጣ ለውጥ እንደ ሙከራ ይጠናል ማለቱ ነው። በሙያችን እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን ደሴ ስደውል ስልክ የሚያነሳልኝ አልነበረም፤ እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ።

አሁን የምሠራው ጥናት የኮምቦልቻውን ደመወዝ ከጅዳው ጋር አንድ ላይ ያስቀምጣል። ጥናቱን ለኅትመት ካዩት አንዱ ገምጋሚ «ስደት ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፣ ከዚህ ይውጣ» ብሎ ጻፈልኝ። አላወጣሁትም።