ለመጀመሪያ የደማስቆ ቢላችሁ ባሌስትራውን ተዉት

የመጀመሪያዋ የደማስቆ ቢላዬ ሁለት ቦታ ተሰንጥቃ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ለጌጥ አይደለም። ብረት ልገዛ በተነሳሁ ቁጥር እንዳያት ነው። የደማስቆ ቢላ ማለት የተለያየ ብረት ተነባብሮ፣ በእሳት ተበይዶ፣ ላዩ ላይ መስመር እንዲያወጣ ተደርጎ የሚሠራ ቢላ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ጋራዥ ውስጥ አንዲት የጋዝ ምድጃ፣ አንድ መስፍ፣ ሁለት መዶሻና ጥቂት ጉጠት አሉኝ። እናቴ ይህን በስልክ የሰማች ቀን «ጠይብ ልትሆን ነው እንዴ አሜሪካ የሄድከው?» ብላ ስልኩን ለእህቴ አቀበለቻት። አልተቀየምኳትም። አገራችን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ እያለች፣ እሱ በሠራው ማረሻ ስታርስ ነው የኖረችው። ይኼ ግን የሌላ ቀን ወሬ ነው።

ወደ ቢላዋ ልመለስ። አንድ ጓደኛዬ ከአሮጌ ፒካፕ የወለቀ ባሌስትራ ሰጠኝ። ነፃ ነገር መቼም ይጣፍጣል። ከዕቃ መደብር ደግሞ ተራ ጠፍጣፋ ብረት ገዛሁ። የሰማሁት ወሬ «ደማስቆ ማለት ጠንካራና ለስላሳ ብረት ማፈራረቅ ነው፤ ጠንካራው ይቆርጣል፣ ለስላሳው እንዳይሰበር ይይዘዋል» የሚል ነበር። ሲሉት ደስ ይላል። አምኜ ደረደርኩ፣ በእሳት በየድኩ፣ ቆርጬ እንደገና ደረደርኩ፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀሁ። ከዚያ አግዬ ዘይት ውስጥ ስነክራት «ጭጭ» አለች። ያንን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ያልተሰነጠቀውን ጫፍ መስመሩ እንዲታይ አሲድ ውስጥ ብከተው ደግሞ ግራጫ በግራጫ ሆኖ ወጣ። ጓደኛዬ አገላብጦ አይቶ «የታለ ደማስቆው?» አለኝ።

ያ የጠንካራና ለስላሳ ወሬ እኛ በምንሠራው ስስ ንብርብር ላይ አይሠራም። ብረት የሚበየድበት ሙቀት 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። በዚያ ሙቀት ካርቦን ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ካለበት ወደሌለበት ይሄዳል። ንብርብሩ የሚሊሜትር ክፋይ ሲሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣጠናል። የኔ ባሌስትራ፣ እንደ አብዛኛው ባሌስትራ 5160 የሚባለው የብረት ዓይነት ከሆነ፣ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። ተራው ብረት 0.2 እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ 0.4 ገደማ የሆነ፣ ለስለት የማይበቃ ነገር ይወጣል። ጫፉን በሞረድ ብሞክረው ሞረዱ እንደ ቅቤ ባይሆንም ያዘው። በደንብ የጠነከረ ስለት ላይ ሞረድ መንሸራተት ነበረበት።

መሰንጠቁም ምክንያት አለው። ብረት ግሎ ሲነከርና ሲጠነክር መጠኑ በጥቂቱ ይሰፋል። አንዱ ንብርብር ቀድሞ ሰፍቶ ሌላው በራሱ ጊዜ ሲከተል ወይም ጭራሽ ሳይጠነክር ሲቀር፣ የሚጎተተው ብየዳው ነው። የኔ ብየዳ መጀመሪያውኑ ደካማ ነበር፤ ባሌስትራ ውስጥ ያለው ክሮሚየም ሲግል የሚያወጣው ዝገት መሰል ቅርፊት በቦራክስ፣ ማለትም ሲበየድ ቅርፊት ለማጠብ በሚነሰነሰው ዱቄት፣ በቀላሉ አይታጠብም።

እንግዲህ ምን ይገዛ? 1084 እና 15N20 የሚባሉ ሁለት የብረት ዓይነቶች። ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አታጥፉ። እኔ ስድስት ወር አጥፍቻለሁ።

1084 ስሙ ራሱ ይናገራል። 10 ማለት ተራ የካርቦን ብረት፣ 84 ማለት 0.84 በመቶ ካርቦን። የጀማሪ ወዳጅ የሆነው ሙቀቱን በትክክል መያዝ ለማይችል ሰው ይቅር ስለሚል ነው። ብረት 770 ዲግሪ ላይ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ ጨመር አድርጋችሁ 815 ገደማ ስታደርሱት ለብ ያለ የካኖላ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። ኮምፒውተር ያለው ምድጃ አያስፈልግም። 15N20 ደግሞ ለመጋዝ ምላጭ የሚሠራ ብረት ነው፤ ካርቦኑ 0.75 አካባቢ ሆኖ 2 በመቶ ኒኬል አለው። በዚያው ሙቀት፣ በዚያው ዘይት ይጠነክራል። ዋናው ነገር ይኼ ስምምነት ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሰፋሉ፣ አይጓተቱም።

ጌጡ የሚመጣው ከኒኬሉ ነው። ካርቦን ሲንከራተት ኒኬል ግን ካለበት ብዙም አይነቃነቅም። ቢላዋ ፌሪክ ክሎራይድ በሚባለው ብረት የሚነክስ ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ኒኬል ያለው ንብርብር አሲዱን ተቋቁሞ እንዳበራ ይቀራል፤ 1084 ይነከሳል፣ ይጠቁራል። ያ የምታዩት ጥቁርና ብር መስመር ይኼ ነው። ስለቱን ግን አያሻሽለውም፤ ብቻውን በደንብ የተሠራ 1084 እኩል ይቆርጣል። ደማስቆ ስለተባለ ተአምር ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑት። የጥንቱ የደማስቆ ጎራዴ ብረት ራሱ ሌላ ነገር ነው፤ በሸክላ ውስጥ ቀልጦ የሚወጣ እንጂ እንደኛ የተነባበረ አልነበረም።

ስለ ሌሎቹ የብረት ዓይነቶች ቶሎ ልበል። 1095 ካርቦኑ በዛ ይላል፣ ማንጋኒዙ ያንሳል፤ ስለዚህ በጣም ፈጣን ዘይት ይፈልጋል፣ በካኖላ ሊያዋርዳችሁ ይችላል። O1 ጥሩ ነው፤ ግን ሙቀቱ ላይ ሳይዋዥቅ ደቂቃዎች መቆየት ይወዳል። የማይዝግ ብረት ጨርሶ አትንኩ። የወዳደቀ የመጋዝ ምላጭም ፈተና ነው፤ አንዳንዱ እውነትም ኒኬል አለው፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥርሱ ሌላ ብረት ጀርባው ሌላ ብረት ነው። ለአንድ ቢላ የሚበቃ አዲስ ብረት ከአንድ ሲሊንደር ጋዝ ብዙም አይበልጥም፤ ቁርጥራጭ ስትሞክሩ የምታቃጥሉት ጋዝ ደግሞ ነፃ አይደለም።

እኔ ወፈር ያለውን 1084 አራት፣ ስሱን 15N20 ሦስት አድርጌ ነው የምደረድረው፤ 1084 ከላይና ከታች ይሆናል፣ ምክንያቱም እሳቱ በቅርፊት የሚበላው የውጪውን ነው። ሰባቱን ከመበየዴ በፊት በግራይንደር እስኪያበሩ አጸዳቸዋለሁ። በይጄ፣ አርዝሜ ሦስት ቦታ ቆርጬ ስደራርብ 21 ንብርብር፣ አንዴ ስደግም 63 ይሆናል። ሲደራረቡ ጥቁር ከጥቁር ስለሚገጥም አንዳንዱ መስመር ወፍሮ ይታያል፤ እኔ ወድጄዋለሁ። 300 ካልሞላሁ የሚል ጀማሪ አለ። 300 ንብርብር የአሜሪካ ቢላ ሠሪዎች ማኅበር ለማስተርነት ፈተና የሚጠይቀው ነው፤ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ደማስቆን እዚህ አገር እንደገና ያስተዋወቀው ዊልያም ሞራን፣ የዚሁ የሜሪላንድ ሰው ነበር። እሱ ጋ እስክንደርስ 63 ይበቃናል።

ከተነከረ በኋላ የወጥ ቤት ኦቨን ውስጥ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሁለት ሰዓት፣ አቀዝቅዞ እንደገና ሁለት ሰዓት። ቢላዋን መጀመሪያ ከዘይት በደንብ እጠቡት፤ ባለቤቴ ያን ሳምንት ኬክ አልጋገረችም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ከአሲዱ በኋላ ቢላዋን ወፍራም ኔስካፌ ውስጥ ያሳድረዋል። 1084ቱ ከሰል ይመስላል፣ 15N20ው እንዳበራ ይቆያል። ሁለተኛዋን ቢላዬን እንዲህ አድርጌ ለእናቴ በቪዲዮ አሳየኋት።

«ቡና ውስጥ አሳደርኳት» አልኳት።

«ምን አልክ? ቡና?»

«ኔስካፌ ነው፣ እማዬ።»

«እሱስ ይሁን» አለችና ቢላዋን ወደ ካሜራው እንዳስጠጋት ነገረችኝ።