ዳይሱ የማያውቃቸው ሦስት ውርወራዎች

ስለ ቤዝቦል ጌሞች ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ቁጥሩ ከእውነቱ ጋር ይገጥማል ወይ?» ነው። ይገጥማል። ሃል ሪችማን እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ ያወጣው ስትራት-ኦ-ማቲክ እንኳ በካርድና በሦስት ዳይስ ብቻ ይህን ይወጣዋል። አንዱ ዳይስ ከ1 እስከ 3 ካወጣ የመቺው ካርድ ይነበባል፤ ከ4 እስከ 6 ከሆነ የፒቸሩ (የኳስ ወርዋሪው)። ሙሉ የውድድር ዘመን ብታጫውተው የአንድ መቺ ውጤት ከእውነተኛው ብዙም አይርቅም።

እኔ ግን ትናንት ማታ ካርዶቹን የዘረጋሁት ለአንዲት አጋጣሚ ብዬ ነው። ጥቅምት 2004 እ.ኤ.አ.፣ የቦስተኑ ሬድ ሶክስና የኒው ዮርኩ ያንኪስ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት የአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ፣ አራተኛው ጨዋታ። ዘጠነኛውና የመጨረሻው መደበኛ ኢኒንግ (ዙር) ላይ ያንኪስ 4 ለ 3 ይመራል። ሦስቱን ጨዋታ አሸንፏል፤ ይቺን ከደገመ አለቀ። ፒቸሩ ማሪያኖ ሪቬራ ነው። የቦስተኑ ኬቨን ሚላር በዎክ (ሳይመታ በነጻ በማለፍ) አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ማረፊያ፣ ደረሰ፣ በሱ ቦታ ዴቭ ሮበርትስ ተቀይሮ ገባ። ሊሰርቅ (ኳሱ ሳይመታ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ሊሮጥ) እንደሆነ ያላወቀ ሰው ስታዲየሙ ውስጥ አልነበረም።

በንትስ፣ ማለትም መቺው ራሱን ሠውቶ ኳሱን ቀስ ብሎ በመንካት ሯጩን ማሳለፍስ? አውት (ከጨዋታ የወጣ መቺ ወይም ሯጭ) ሳይኖር አንደኛ ቤዝ ላይ ሯጭ ያለው ቡድን ከዚያ ኢኒንግ በአማካይ ወደ 0.9 ነጥብ ይጠብቃል። አንድ አውት ከፍሎ ሯጩን ሁለተኛ ቤዝ ካደረሰ ወደ 0.7 ይወርዳል። አንድ ነጥብ ብቻ ስትፈልግ ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል። እኔም ለመስረቅ ወሰንኩ። አውት! ተከትሎ ቢል ሙለር ሂት (ቤዝ የሚያደርስ ምት) መታልኝ፣ ቤዝ ላይ ማንም በሌለበት። ተናደድኩ፣ ቤዝቦል ነዋ።

ከያንኪስ ወገን ስትቀመጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሯጩን ልያዝ ካልክ የአንደኛ ቤዝ ተጫዋችህ ቤዙ ላይ ተጣብቆ ይቆማል። መስረቅ ይከብዳል፣ ግን ክፍተት ይፈጠራል። ካርዱ ላይ ምልክት ያለባቸው አንዳንድ የመሬት ኳሶች አውት መሆናቸው ቀርቶ ሂት ይሆናሉ። ይህ ስሌት በጣም ደስ ይለኛል። ሜዳ ላይም የሚከፈለው ዋጋ ይኸው ነው።

ሪቬራ ግን ወደ መቺው ከመወርወሩ በፊት ሦስት ጊዜ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ። ሮበርትስ በኋላ ሲያወራ ከቤንች ቀዝቅዞ ነበር የገባው፤ እነዚያ ውርወራዎች ናቸው ወደ ጨዋታው ያስገቡት። በመጀመሪያዋ ኳስ ሮጠ፣ ለጥቂት ቀደመ፣ ሙለር መታ፣ 4 ለ 4። ቦስተን በ12ኛው ኢኒንግ አሸነፈ።

ጌሙ ውስጥ ሯጩን መያዝ ሁልጊዜ ሯጩን ይጎዳል። ያን ሌሊት አሟሟቀው። ይህም በቁጥር ይግባ ቢሉኝ ግን አልስማማም። ሪቬራ ሁለቴ ብቻ ወርውሮ ቢሆንስ? ለዚያ ካርድ የሚያወጣ ሰው ከሆዱ ነው የሚጽፈው።