ሦስት ውሾቼን በምግብ ሰዓት ሥርዓት ያስያዝኩበት መንገድ

ግቢያችን ውስጥ ሦስት ውሾች አሉ። ቦቢ ትልቁ ነው። የሀበሻ ውሻ ነው፣ አርጅቷል፣ ቀኑን ሙሉ በሩ ሥር ተጋድሞ ወጪ ገቢውን ይመዝናል። ሎላ የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ናት። ጃክ ደግሞ የመንገድ ልጅ ነው። ቡችላ ሳለ ከዝናብ ሊጠለል ገባ፣ ለማስወጣት የማንም አንጀት አልቻለም፣ በዚያው ቀረ።

ቀን ላይ ሦስቱም ተደጋግፈው ይተኛሉ። ማታ ድስቱ ከማድ ቤት ሲወጣ ግን አይተዋወቁም ነበር። ድስቱን የያዘው ሰው ላይ ይዘላሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ ጥርስ ይመጣል። አንድ ማታ የጃክ ጆሮ ተቀደደ። ጎረቤቱ ሁሉ "ያው ውሻ አይደል፣ ይለምዳሉ" አለ። ግቢው ውስጥ ትንንሽ ልጆች ስላሉ እስኪለምዱ መጠበቅ አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ዝም ብዬ አየኋቸው። ጸቡን የሚጀምረው በጣም የራበው አልነበረም። ሎላ ከሁሉም ወፍራም ናት፤ የምትጀምረውም እሷ ናት። ምግቡ በአንድ ሰፊ ሳፋ ነበር የሚቀርብላቸው። እኛ ዘንድ ከአንድ ትሪ መብላት ፍቅር ነው፤ ብቻውን የሚበላ ሰው እንኳን ያሳዝነናል። ውሻ ግን አንድ ሳፋ ላይ ሲሰለፍ ድርሻው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ቀድሞ ያልጎረሰ ይቀርበታል። ጃክማ መንገድ ላይ የተማረው ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ነገሩ ረሃብ ሳይሆን እርግጠኛ አለመሆን ነው ብዬ ተነሳሁ። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሳፋው ተነሳ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ሳህን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቦታ። ቦቢ ከዘበኛው ቤት ጎን፣ ሎላ ሮቶው ሥር፣ ጃክ ጓሮ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ። ቁም ነገሩ ሲበሉ አለመተያየታቸው ነው። ግቢው ጠባብ ከሆነ አንዱን ውሻ ቤቱ ውስጥ ዘግቶ ማብላት ይቻላል፤ መሃል ላይ አንድ ቆርቆሮ ማቆምም ይረዳል። ሎላን መጀመሪያ ሰሞን በገመድ ምሰሶው ላይ አስራት ነበር። ለቅጣት አይደለም፣ የራሷን ጨርሳ ወደ ጃክ እንዳትሮጥ ነው። ጃክ ሳያኝክ ስለሚውጥ ሳህኑ ውስጥ ትልቅ ለስላሳ ድንጋይ አስቀመጥኩለት። ምግቡን በድንጋዩ ዙሪያ እየፈለገ ሲለቅም ፍጥነቱ በግድ ይቀንሳል። ድንጋዩ ሊዋጥ የማይችል ትልቅ መሆን አለበት።

ሰዓቱም ተቆረጠ፤ ጠዋት እና ማታ። ለአዋቂ ውሻ በቀን ሁለቴ ይበቃል፣ ቡችላ ሦስት አራት ጊዜ ይፈልጋል። ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ ሳህኑ ባዶ ሆነም አልሆነም ይነሳል። የተረፈ ምግብ ሜዳ ላይ ከዋለ እሱን ሊጠብቅ የሚቆም ውሻ አይጠፋም። ውኃ ግን ቀኑን ሙሉ፣ ያውም ሁለት ሦስት ቦታ።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ ልምጣ። ሳህኑን ይዤ ውሻው ፊት እቆማለሁ። ስሙን እጠራለሁ፣ አንድ ጊዜ "ቁጭ" እላለሁ፣ ከዚያ ዝም። መቀመጫው መሬት ሲነካ ሳህኑ መውረድ ይጀምራል። ከተነሳ ሳህኑም ተመልሶ ይነሳል። ቁጣ የለም፣ "ቁጭ፣ ቁጭ፣ ቁጭ በል እንጂ!" ብሎ ጩኸት የለም። ሳህኑ መሬት ሲደርስ "ቆይ"፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ከታገሠ "ብላ"። ቆይታዋን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስረዝማታለሁ። ቤት ያለ ሰው ሁሉ እነዚህኑ ቃላት ይጠቀማል። ለሎላም "ብላ" ነው የምንላት፤ ቅር አላላትም።

ሎላ መጀመሪያ ላይ የምትቀመጠው ለይስሙላ ነበር። መቀመጫዋ ከመሬቱ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይንቀጠቀጣል፣ ለሃጯ ከከንፈሯ እንደ ክር ይንጠለጠላል፣ ዓይኗ ሳህኑ ላይ ተተክሏል። እኔም ያችን አንድ ጣት ጠበቅኳት። ዛሬ ካለፍኳት ነገ ሁለት ጣት ትሆናለች። በመጨረሻ ሰውነቷን ለቃ ዝርፍጥ ስትል ሳህኑ ወዲያው ወረደ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ነገሩ ገባት።

ስለ ተራ ደግሞ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። "አለቃው ይቅደም" የሚሉ አሉ። እኔ መጀመሪያ ለጃክ ነበር የምሰጠው፤ መጠበቅ የማይችለው እሱ ስለነበር። ሲበርድለት ወደ መጨረሻ አዞርኩት፣ ቦቢ በሽምግልናው ቀደመ። ማንም ይቅደም ማን፣ ተራው ከቀን ቀን አለመቀያየሩ ነው የሚጠቅመው። የሎላ ስም ሲጠራ ጃክ የእሱ ስም እንደሚከተል ካወቀ አይጋፋም።

ይሄ የአለቃነት ነገር ሌላም መዘዝ አለው። "ጌታ መሆንህን አሳየው፣ ሲበላ እጅህን ሳህኑ ውስጥ ክተት፣ ካጉረመረመ በዱላ በለው" ያሉኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ሐሳቡ ስለ ተኩላ መንጋ ከሚወራው የመጣ ነው። ነገር ግን "አልፋ ተኩላ" የሚለውን አባባል በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ሚች ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጽሑፍ የዱር ተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አባት እና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ መሆኑን አስረድቷል። ተዋግቶ አለቃ የመሆን ጨዋታ አይደለም። ደግሞስ እናንተ ስትበሉ አንድ ሰው እየመጣ እጁን ቢከትባችሁ ምን ይሰማችኋል?

ማጉረምረምን በዱላ ማስተው ደግሞ አደገኛ ነው። ማጉረምረም "አትጠጋኝ" የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያው ከተቀጣ ውሻው ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይማራል። ከማጉረምረሙ በፊትም የሚታይ ነገር አለ። ሰው ሲጠጋት ሎላ አበላሏ ይፈጥናል፣ ጭንቅላቷ ሳህኑ ውስጥ ይቀበራል፣ ገላዋ ድርቅ ይላል፣ የዓይኗ ነጩ በጎን ብልጭ ይላል። እዚያ ላይ ማቆም ነው።

መድኃኒቱ መውሰድ ሳይሆን መጨመር ሆነ። ሎላ ስትበላ ራቅ ብዬ አልፍና አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ሳንባ ወርወር አድርጌላት እሄዳለሁ። ገላዋ ዘና ሲል በአንድ እርምጃ እቀርባለሁ፣ ድርቅ ካለች ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እያደር ኮቴዬን ስትሰማ ራሷ ቀና ብላ ጭራዋን መቁላት ጀመረች። ይሄንን ልጆች አይሞክሩትም፤ ውሾቹ ሲበሉ ልጆች ቤት ውስጥ ናቸው። ውሻችሁ ሰው ነክሶ የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ እናንተም ብቻችሁን አትሞክሩት። ሦስቱም በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳሉ። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙና እና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ውሾቹ እንዲህ ሲገባቸው ሰው አስቸገረኝ። ማድ ቤት ያለችው በመስኮት ትወረውራለች፣ እንግዳ ከገበታ ላይ ይወረውራል። ከሁሉም የከበዱኝ ዘበኛችን ናቸው። ቦቢን ይወዱታል፣ ምሳቸውን ሲበሉ ከእጃቸው ያጎርሱታል። እሱ ሲጎርስ ሌሎቹ ይመጣሉ፣ ግርግሩ እንደገና ይነሳል።

"አባባ፣ ከእጅዎ ባይሰጡት ጥሩ ነበር" አልኳቸው።

"እያየኝ እኮ ነው ልጄ! ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንዴት ብዬ ልዋጠው?"

መልስ አጣሁ፤ እውነታቸውን ነው። "እንግዲያው ድርሻውን ለይተው ያስቀምጡለት፣ ማታ ሳህኑ ላይ እንጨምርለታለን" አልኳቸው። የማታውንም እደላ ለእሳቸው አስረከብኩ። ዛሬ ከእኔ የባሱ ጥብቅ እሳቸው ናቸው። ሎላ ሳትቀመጥ "ብላ" ብል "ኧረ ገና ነው፣ አልተቀመጠችም!" ብለው ያስቆሙኛል።

ስለሚበሉትም ጥቂት ልበል። የእኛ ቤት የተሰባበረ ሩዝ ከሳንባ ወይም ከልፋጭ ጋር ይቀቀልላቸዋል፣ ጨው የለበትም። ወጥ የነካው ፍርፋሪ አልሰጥም። ሽንኩርት እና ነጭ ሽንኩርት፣ ተቀቅሎም ቢሆን፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። የእኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው። በሁዳዴ 55 ቀን ይሄ ጎልቶ ይታያል። ልኳንዳው ይዘጋል፣ ከቤት የሚተርፈው ሽሮ እና ምስር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከቅበላ በፊት ሳንባ ቀቅዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ ሲያልቅ እንቁላል።

ትልቁ ፈተና ፋሲካ ነው። በግ ሲታረድ የሥልጠናው ሁሉ ልክ ይታወቃል። ከእርዱ በፊት ሦስቱንም በየቦታቸው አስሬ እጨርሳለሁ። ውኃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ጥሬውን በጭራሽ አይጣልላቸውም። ውሻው ከዚያ ትል ይይዛል፣ ከኩሱ የሚወጣው የትሉ እንቁላል ደግሞ ሰው ሆድ ገብቶ ጉበትና ሳንባ ላይ ውኃ ያስቋጥራል። እንዲህ ያለው ይቃጠላል ወይም ጠለቅ ብሎ ይቀበራል። የተቀቀለ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ስለሚወጋ አልሰጥም። ትልቅ ጥሬ አጥንት ከሆነ እያንዳንዱ በየቦታው ታስሮ ይግጣል፣ ገመዱ የሚፈታው አጥንቱ ሁሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ነው። በአጥንት ጊዜ "ሠልጥነዋል" ብዬ አልተማመንባቸውም።

ክረምት ሲገባ ሮቶው ሥር ጭቃ ስለሆነ ሎላን ወደ በረንዳ ማዛወር ነበረብኝ። ጸቡ ይመለሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጥቂት ቀን በገመድ አበላኋት፣ ስሟን ጠርቼ "ቁጭ" ስላት አዲሱ ቦታም የእሷ መሆኑ ገባት። ጃክ ደግሞ ድንጋዩን ባወጣሁለት ማግስት ሳያኝክ ውጦ አስመለሰው። ድንጋዩ ወደ ሳህኑ ተመልሷል፤ ወደፊትም እዚያው ይኖራል።