ኩሬ የሚመስል ገንዳ

ሰማያዊ ሴራሚክ በቃኝ። የመዋኛ ገንዳቸውን የመጀመሪያ ንድፍ ሳሳያቸው ጋሼ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ፣ «ይሄማ ሶደሬ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ሽንኩርት ማሳዬ መሃል ቢቀመጥ የማያሳፍር ነገር ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቦታው ከአዳማ ወደ ወንጂ ሲወረድ ነው። ዙሪያው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ሸንኮራ አገዳ። እዚያ መሃል የሆቴል ገንዳ የሳልኩት ሰውዬ ምን ነክቶኝ ነበር?

በማግስቱ ውሃ በዚህ ሜዳ ላይ ምን መልክ አለው እያልኩ ስዞር ዋልኩ። መልሱን አገዳው ውስጥ አገኘሁት። እርሻው የሌሊት ውሃ የሚያጠራቅምባቸው ኩሬዎች አሉት። ከአዋሽ የተሳበው ውሃ እዚያ ያድርና ቀን ወደ ቦዩ ይለቀቃል። ዙሪያቸው የአፈር ክምር ነው፣ ሣር በቅሎበታል። ማንም ለውበት አልሠራቸውም። ግን ዓይን አይወጉም።

ስለዚህ ገንዳውን 12 ሜትር በ4 አድርጌ፣ በመስኖ ቦዮቹ አቅጣጫ አስተኛሁት። ጠርዙ ከመሬት እኩል። የሚወጣው አፈር እዚያው ዳር ይከመራል። ውስጡ ጥቁር ግራጫ ልስን፣ ሰማዩና ግራሩ እንዲታዩበት። ጥቁር ወለል አንድ ክፉ ነገር አለው፤ ታች የሰመጠ ሰው ቶሎ አይታይም። ለዚህ ብዬ ጥልቀቱን 1.40 ላይ አቆምኩ፣ የደረጃዎቹንም ጠርዝ ነጣ አደረግኩ።

ነፋሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ተርባይኖቹን አዳማ ጉብታዎች ላይ በከንቱ አልተከሏቸውም። ጤፍ ሲወቃ እብቁ ተጠራርጎ ውሃው ላይ ይተኛል። ሸራ ያስፈልጋል፤ ትነቱንም ይቀንሳል።

ከዚያ ውሃውን አሰላሁ፤ ባላሰላው ይሻለኝ ነበር። 67,200 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ጄሪካን 3,360 ጄሪካን ነው። ጋሼ መልሳቸው ዝግጁ ነው፦ «የጉድጓድ ውሃ ነው፣ ፍሎራይድ አለው፣ ማን ይጠጣዋል?» እዚህ አካባቢ ጥርሱ የበለዘውን ሰው ላየ ነገሩ ውሸት አይደለም። ግን ዝም አላሰኘኝም።

ዛሬ መስመሩን በኖራ ስናሰምር ከአጎራባች ማሳ አንዲት አዴ ላሞቻቸውን እየነዱ መጡ። ቆመው አዩን።

«ኩሬ ነው ልጄ? እሰይ! ከብቶቼ ቅርብ አገኙ።»

ምን ልበላቸው? በአንድ በኩል ደስ አለኝ፤ መስመሩን አይተው ብቻ ኩሬ ብለውታል። በሌላ በኩል ደነገጥኩ። ጠርዝ የሌለው ጥቁር ውሃ፣ ላም ሰተት ብላ ትገባበታለች። ልጅም።

አጥር ሊኖረው ነው። ቅንጭብ አሰብኩና ተውኩት፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል፣ ዋናተኛ አጠገብ አይሆንም። በመጨረሻ ዙሪያውን ሰፋ ያለ ቦይ አስቆፍሬ ሽቦውን ቦዩ ውስጥ ልተክለው ነው። ከሩቅ ማሳው ሳይቆረጥ ይታያል፣ ላሟ ግን አትሻገርም።

ማታ ንድፉ ላይ ከቦዩ ውጭ፣ በአዴ ማሳ በኩል፣ ከጉድጓዱ ቧንቧ የሚሞላ የከብት ማጠጫ ጨመርኩ። ክሎሪን አይነካውም። ሦስት ሜትር ብቻ ነው።

ጋሼ ገና አላዩትም። ሰኞ ነው የማሳያቸው።